ፊደሉን ሥዕል ያደረገው ማነው?

ኪነ ጥበብ የሕዝብ ናት እያልን በየመድረኩ የምንፎክር ባለሙያዎች፣ ከሕዝቡ መካከል ማንን ከደጅ እንዳስቀረን ጠይቀን እናውቃለንን? ዛሬ በአማርኛ ድረ ገጾች ግጥሙ፣ የትርኢት ጥሪው፣ የሥራ ማስታወቂያው ሳይቀር ባጌጠ ሰሌዳ ላይ ተነድፎ እንደ ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ዓይናማው አይቶ ያደንቃል። ዓይነ ስውሩ ግን ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ቢታገዝም፣ ፕሮግራሙ የሚያገኘው ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነውና ብዙውን ጊዜ «ምስል» ብሎት ያልፋል።

ቴክኒኩ አልደረሰልንም ማለት ከእንግዲህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን ባቋቋሙት ድርጅት የሚዘጋጀው ኤንቪዲኤ በነፃ ይታደላል፤ አማርኛም ያነባል። (ድምፁ ደረቅ ነው፤ ፊደላችን የማያሳየውን ማጥበቅና ማላላትም ከየት ያምጣው?) አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ተቀብላለች፤ 9ኛው አንቀጽ ኢንተርኔትን በስም ይጠራል።

«ጥቂቶች ናቸው» የሚሉን አሉ። ዓይነ ስውር መምህር ጉባኤ ዘርግቶ፣ ዓይናማው ተማሪ ከእግሩ ሥር ቅኔ ሲቆጥር በኖረበት አገር እንዲህ ማለት አያሳፍርምን? የቅኔ ቤቱ ሣር ክዳን ያልከለከለውን እኛ በኮምፒውተር ከለከልነው።

ሥዕሉ ይቅር አላልንም። ከሥሩ ግጥሙን በፊደል መጻፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚቀጥለው የትርኢት ጥሪያችን ሲወጣ ይህ ሳይሟላ እንዳይለጠፍ ኃላፊነቱ የአዘጋጁ ይሁን።