«ፖምፓው ይውረድ» የሚባለው ለምንድን ነው?

አንድ ባለሚኒባስ ጋራዥ ይገባል። «ሲሠራ ሰላም ነው፤ ቁልፍ ስዘጋው ግን መኪናው ሙሉ ይንቀጠቀጣል» ይላል። ኮፈኖው ሳይከፈት መልሱ ይመጣል፦ «ፖምፓው ይውረድ፣ ኖዝሎቹም ይፈተሹ።» ይህን ምርመራ ብሎ መጥራት ይከብዳል። በባለመኪናው ገንዘብ የሚሞከር ግምት ነው።

ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን አጥብቆ በማመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። የቤንዚን ሞተር አየሩን ወደ 10 እጥፍ ቢያምቅ ናፍጣው ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያምቀዋል። ቁልፉ ሲዘጋ ነዳጁ ይቋረጣል እንጂ ሞተሩ ወዲያው ቀጥ አይልም። በነበረው ጉልበት ጥቂት ዙር ይሽከረከራል። በእነዚያ የመጨረሻ ዙሮች ፒስተኑ አየሩን ለማመቅ ይታገላል፣ አየሩም መልሶ ይገፋዋል። መኪናውን የሚያናውጠው ይህ ግብግብ ነው። በዚያች ቅጽበት ፖምፓውም ሆነ ኖዝሉ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በብዙ ዘመናዊ ናፍጣ ሞተሮች የአየር መግቢያ ላይ አንድ ክዳን ያስገባሉ። ከቶዮታ ዲ-ፎር-ዲ ሞተሮች መካከልም ይህ ክዳን ያላቸው ብዙ ናቸው። ቁልፍ ሲዘጋ ክዳኑም ይዘጋል። ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ስለማያገኝ ሞተሩ ዝም ብሎ ይቆማል። ከጭስ ማውጫው ተመልሶ የሚገባው ጥላሸት ከዘይት ጋር ተለውሶ ክዳኑ ላይ ሲጋገር ግን ክዳኑ ይያዛል። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቀጭኗ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማወቅ የአየር ቱቦውን ፈትቶ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ሲዘጋ ሌላው ክዳኑን ማየት ነው። ከካቻቢቴና ከሁለት ዓይን ሌላ የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም። (ጣትም ጨርቅም ወደ ቱቦው አይጠጋ፤ ሞተሩ ይስበዋል።) ክዳኑ ካልተንቀሳቀሰ ጥላሸቱን አጽድቶ፣ ቱቦውን ወይም የኤሌክትሪክ ሶኬቱን አይቶ እንደገና መሞከር ነው።

«ኮምፒውተር ሰክተን አይተናል፣ ኮድ የለም» የሚሉ አሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሴንሰር የነገረውን ብቻ ነው። ቦታውን የሚናገር ሴንሰር የሌለው ክዳን ተይዞ ቢቀር ኮዱ ከየት ይመጣል? ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ መቀደዱንስ የትኛው ሴንሰር ያወራል? እነዚያ ጎማዎች ሲሰነጠቁ ወይም ሲሟሽሹ ድሮ የማይሰማው መናወጥ እስከ ወንበር ድረስ ይሰማል። ቮላኖው በውስጡ ስፕሪንግ ያለው ዓይነት ከሆነ እሱም ይጠረጠራል። ሞተሩ ሲቆም «ኳ» የሚል ድምፅ፣ ቆሞ ሲሠራም ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚለወጥ መንኳኳት ካለ ወደዚያ ማየት ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን የመጣ ነው? ክዳን የሌላቸው የቆዩ ናፍጣ ሞተሮች ሲጠፉ ትንሽ መንቀጥቀጣቸው ተፈጥሯቸው ነው። ያልታመመውን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው።

ፖምፓና ኖዝል ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራም የሚንገጫገጭ፣ የሚያጨስ፣ ኃይል ያነሰው ከሆነ ወደ ኖዝል መሄዱ ተገቢ ነው። በቆዩት ሞተሮች ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ እየሠራ ከቀጠለ ፖምፓው ላይ ያለው የነዳጅ ማቋረጫ ይታያል። እነዚህ ግን ሌላ ምልክት፣ ሌላ በሽታ ናቸው። «ቁልፍ ስዘጋ ብቻ» ያለውን ሰው ከእነሱ ጋር መደባለቅ አለመስማት ነው።

ይህ ስህተት ዛሬ ከድሮው ይልቅ ይጎዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ያለውን መኪና አቆይቶ መንዳት ግድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ዋጋው ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ፖምፓ ገዝቶ የተመለሰ ሹፌር መኪናው እንደዚያው ሲንቀጠቀጥ ሲያይ፣ የቆመበትን ቀን ገቢ ማንም አይመልስለትም።

ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ባለመኪናው «አይቶ ለነገረኝ አልከፍልም» ይላል። ግማሽ ቀን ፈትሾ «ክዳኑን አጽድቼዋለሁ፣ ሌላ ምንም የለውም» ያለው መካኒክ የሻይ ተሰጥቶት ይሸኛል፤ ፖምፓ የቀየረው ግን የእጁን ተከራክሮ ይቀበላል። ታዲያ ማን ይፈትሻል? ጋራዡ የምርመራ ዋጋን ከጥገና ለይቶ ይንገር። ባለመኪናውም ፖምፓው ከመውረዱ በፊት ቱቦው ተፈትቶ ክዳኑ ሲዘጋ በዓይኑ እንዲያይ ይጠይቅ፤ ምንም ዕቃ ባይቀየርለትም ለዚያ ሥራ ይክፈል።