101 ለ100፦ ከውጤቱ በታች ያለውን ስለማንበብ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከለንደን ጀምሬ መተማ ላይ ነው የምጨርሰው። ታገሡኝ።

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካና ደቡብ ሱዳን ለፓሪስ ኦሊምፒክ መዘጋጃ እንዲሆናቸው ለንደን ላይ የወዳጅነት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አደረጉ። አሜሪካ ሌብሮን ጄምስንና ስቴፈን ከሪን ይዛ ነው የገባችው። ደቡብ ሱዳን ደግሞ ነጻ አገር ከሆነች ገና 13 ዓመቷ ነበር። እንኳን ያሸንፋሉ፣ ይፎካከራሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ነገር ግን በመጀመሪያው አጋማሽ እስከ 16 ነጥብ ድረስ መሩ። ጨዋታው ሊያልቅ 8 ሰከንድ ሲቀረው ሌብሮን አስቆጠረና አሜሪካ 101 ለ100 ወጣች።

የዕለቱ ዜና ባጭሩ “ሌብሮን አሜሪካን አዳነ” የሚል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሰውየው 25 ነጥብ አስቆጥሯል። የጨዋታውን የቁጥር ወረቀት ያነበበ ግን ሌላም ነገር ያያል። የደቡብ ሱዳኑ ማሪያል ሻዮክ 24 ነጥብ አለው፤ ከሌብሮን በአንድ ብቻ ያንሳል። ካርሊክ ጆንስ ያስቆጠረው 15 ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሪባውንዱም የአሲስቱም ቁጥር ከአስር በላይ ነው፤ ኳስ ተጫዋቾች ትሪፕል ደብል የሚሉት ማለት ነው። ሰውየው ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰውን ሲለቅም፣ ለጓደኞቹ ሲያቀብል ነው ያመሸው።

ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው “ተሸነፉ” ብሎ ያልፋል። ወረቀቱን ያየ ግን እንዴት እንደተጠጉ ያውቃል። ስለዚህ ከስምንት ቀን በኋላ ይኸው ቡድን በመጀመሪያ የኦሊምፒክ ጨዋታው ፖርቶሪኮን 90 ለ79 ሲረታ አልተደነቀም።

እኛ ውጤት እንጂ ወረቀት ማንበብ አልለመደብንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰድን። የወንድማማቾቹን የሉቻኖንና የኢታሎን፣ የመንግሥቱ ወርቁን ስም ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ለየጎሉ ኳስ ያቀበለው ማን እንደነበር ግን ስንቶቻችሁ ትነግሩኛላችሁ?

መተማም እንዲሁ ናት። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ወደቁ፤ ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። አብረዋቸው የወደቁት በሺህ የሚቆጠሩት ግን በጅምላ “ሠራዊቱ” ተብለው ቀሩ። በዚያ ዘመን አይፈረድም እንበል። ዛሬስ?

ዛሬ በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ ወጣት ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። በአካባቢው አጠራር ሳሉግ ነው። ወባ አለ፤ ካላዛር አለ፤ እንደ ምድጃ የሚፋጅ ሙቀት አለ። በወቅቱ መጨረሻ ስንት ኩንታል ሰሊጥ እንደወጣ ይነገረናል። ይህ ውጤቱ ነው። ያጨደው ማን ነው? ከየትኛው ወረዳ መጣ? ታሞ የተኛው፣ ወደ ቤቱ ያልተመለሰው ስንት ነው? ልጇ በኅዳር ይመለሳል ብላ የምትጠብቅ እናት ማንን ትጠይቅ?

በዚያው በር በኩል ደግሞ ሌላ ሕዝብ ይገባል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከገላባት ድንበሩን ተሻግረው መተማ ደርሰዋል። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ጸጥታው ቢያስፈራቸው ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው ወጡ። ስለ እነሱም የምንሰማው አንድ ድምር ቁጥር ነው።

የደቡብ ሱዳን ቡድን አባል የሆነው ዌንየን ገብርኤል የተወለደው ካርቱም ነው። ኑኒ ኦሞት የተወለደው ኬንያ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ነው። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉኦል ዴንግ ራሱ በልጅነቱ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የሚችሉት ነገር ተጻፈላቸው። ከድምሩ ወጥተው ሰው ሆኑ።

“ዳቦና ሰላም በሌለበት ስለ ኳስ ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። ስለ ኳስ አይደለም፤ ስለ ወረቀቱ ነው። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ግጭት ባለበት አገር ስም መመዝገብ ራሱ አያስፈራም ወይ? ያስፈራል። ዝርዝር ለመዋጮም፣ ለአፈሳም፣ ለበቀልም ሊውል ይችላል። ሰው ስሙን ቢደብቅ አልፈርድበትም።

የቅርጫት ኳሱ ወረቀት መልስ የሚሰጠኝ እዚህ ላይ ነው። ያ ወረቀት የሚጻፈው ሁሉ እያየ ነው። ለሁለቱም ቡድን ይሰጣል። ተጫዋቹ የራሱን ቁጥር አንብቦ “ተሳስታችኋል” ማለት ይችላል። ሚስጥር ሆኖ ባለሥልጣን መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ መዝገብና የተመዘገበው ሰው በኪሱ የሚይዘው መዝገብ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሳሉግ ሲቀጠር ስሙ፣ የመጣበት ወረዳ፣ የተስማማበት ዋጋና ክፉ ቢገጥመው የሚነገረው ዘመድ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱን አሠሪው፣ አንዱን ሠራተኛው ይያዝ። እርሻው ሲያልቅ ስንት እንደመጣ፣ ስንት እንደታመመ፣ ስንት እንደሞተ ከኩንታሉ ጋር አብሮ ይነገረን። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በቅርጫት ኳስ ወረቀት ላይ ከአግዳሚ ወንበር ያልተነሣው ተጫዋች እንኳ ስሙ ይሰፍራል፤ ከጎኑም “አልተጫወተም” ይባላል። አንድም ደቂቃ ሜዳ ያልረገጠ ሰው በስሙ ከተጻፈ፣ ሙሉ ክረምት በሙቀት ሲያጭድ የከረመ ልጅ ስሙ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

በተለይ ቆላ የሠራችሁ ወይም ዘመድ የላካችሁ፣ ሐሳባችሁን ጻፉልን። ቸር ሰንብቱ።