የጾሙ እህል በፍስኩ ማዕድ አይረሳ



ከሦስት ቀን በፊት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ከባቄላ ክክና ከስንዴ የተዘጋጀውን ጉልባን ቀምሰናል። ከዚያ አስቀድሞም በዐቢይ ጾም ሳምንታት የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ በሶ፣ ቆሎና ንፍሮ ከማዕዳችን አልተለዩም። ዛሬ ግን ዶሮው ወጥ ሲቀርብ እነዚህ ሁሉ የችግር ቀን ምግብ ይመስል ወደ ጓዳ ይመለሳሉ፤ በምትካቸው የለስላሳው ሣጥን፣ ኬኩና ከረሜላው ይገባል። ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ለ10 ቀናት ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ወስደው ፊታቸው አምሮ መታየቱን እያነበብን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ እህሉን መናቃችን ተገቢ አይደለም እንላለን።

ስለምን ቢሉ፣ ስኳር በብዛት ሲወሰድ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለምና ነው። ሕዋሳታችን ምግብን በኦክስጂን አማካይነት ወደ ኃይል ሲለውጡ፣ ከሚነድ እንጨት ፍንጣሪ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ነጻ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። መጠናቸው አነስተኛ ሲሆን ሰውነት በራሱ መከላከያ ያከሽፋቸዋል። የደም ስኳር ደጋግሞ ከልክ ሲያልፍ ግን ቅንጣቶቹ ይበዛሉ፤ መከላከያው ይሸነፋል፤ ዝገት ብረትን እንደሚበላ የደም ሥር ግድግዳ ይጎዳል። ሊቃውንቱ ይህን ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ይሉታል። አሜሪካዊው ሐኪም ሚካኤል ብራውንሊ እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የስኳር በሽታ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ከዚሁ አንድ ምንጭ እንደሚነሡ አስረድተዋል።

በዚህ ረገድ ያልተነፋ እህል ብዙ ይረዳል። በስንዴ ውስጥ ፌሩሊክ አሲድ የተባለው ተከላካይ ንጥረ ነገር በአብዛኛው የሚገኘው በፉርሽካው ስለሆነ፣ ፉርኖ ዱቄት ሲዘጋጅ አብሮ ይጣላል። ጤፍ ግን ከደቃቅነቷ የተነሣ ከነልባሷ ትፈጫለች። የገብስ አሰር በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ተልባ ኦሜጋ ሦስት የተባለ ቅባትና ሊግናን አላት፤ ሳትፈጭ የተዋጠች ተልባ ግን እንዳለች ትወጣለች። ሰሊጥም የራሱ ሊግናን አለው፤ የሱፍ ዘይት ደግሞ ቪታሚን ኢ ይዟል።

ታዲያ እንክብሉን ገዝቶ መዋጥ አይበቃምን የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ በታተመውና ከ9,000 የሚበልጡ ሰዎች በተሳተፉበት ሆፕ የተሰኘ ጥናት፣ የቪታሚን ኢ እንክብል የልብ ሕመምን ሳይከላከል ቀርቷል። እህሉ የሚጠቅመው ከነአሰሩና ከነቅባቱ በአንድነት ሲበላ ነው።

ይሁን እንጂ እህል የስኳርን ጥፋት የሚያረክስ ማርከሻ አይደለም። ስኳር ከዕፀዋት ስለሚገኝ ጾም አያስገድፍም፤ በዚህም ተሸሽገን በሶውን በስኳር እንበጠብጣለን፣ ሻዩን እናጣፍጣለን። ከቅዳሴ በኋላ በሚቀርብልን ሻይ ሦስት ማንኪያ ስናማስል የኖርን እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርንም ጨምሮ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ጠርሙስ ግን ብቻዋን 30 ግራም ያህል ትይዛለች። ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሕፃን የአዋቂውን ልክ አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ፍስኩን በምስጋና እንቀበል፤ እህሉንም ከአጠገቡ አናርቅ። ለቡናው ቆሎ ይቅረብ፤ ፈንዲሻው ስኳር አይነስነስበት፤ ድፎው ፉርሽካው ባልተነፋ ዱቄት ይደፋ፤ ለልጆቹም ከለስላሳው አስቀድሞ የተልባ ውኃ ይቀዳላቸው። የስኳር ሕመም ያለበት ወገናችን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙን አማክሮ ይመገብ። እናቶቻችን በጾም ያቆዩልን እህል በፍስክም ጤና ነው።

መልካም በዓል።