«ዶክተር እስኪሆን ልጠብቀው?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የጻፈችው የ26 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም አልናገርም፤ እንዳልናገር አስምላኛለች። ደብዳቤዋ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ እጮኛዬ የነገረ መለኮት አስተማሪ ነው። ከተዋወቅን አራት ዓመታችን ነው። አሁን ውጭ አገር ለዶክትሬት ተቀብለውታል። የሚያጠናው ‹ክርስቲያናዊ ተልእኮና የባህሎች ግንኙነት› የሚባል ነው። አራት ዓመት ጠብቂኝ ይለኛል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ ፕሮቴስታንት ነው። አባቴ የልጁ ስም ቤታችን ውስጥ እንዲነሳ እንኳን አይፈልግም። ልጠብቀው ወይስ ይቅርብኝ?»

«ጠብቂው» ወይም «ተዪው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ስለ ዶክትሬት ምን አውቄ ነው የምመክረው? ስለዚህ «ሁለታችሁም ኑና እናውራ» አልኳት። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት፦ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል። የሰፈሯ ሰው እዚያ ድረስ አይመጣማ!

ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኘን። ያልሄዳችሁ ካላችሁ ሂዱ። ከከተማው በስተሰሜን፣ እንጦጦ ተራራ ሥር፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ ቦታ ነው። ከታች የታክሲው ጩኸት፣ ከላይ ጥድና ነፋስ። አንድ ጥድ ሥር ተቀመጥን። ልጁ ትሁት ነው፤ ቃል ሲመርጥ ጊዜ ይወስዳል። እሷ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«እስቲ ይኼ ትምህርት ምንድነው?» አልኩት።

«እምነት ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚገጥመው ነው የሚያጠናው» አለኝ። «ቋንቋው፣ ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ ጾሙ፣ ጉርብትናው። የሚነግረውም ሰው፣ የሚሰማውም ሰው እንዴት እንደሚለወጥ።» ትምህርቱ በብዙ አገር «ሚሽን» ተብሎ ብቻ ይጠራ እንደነበር፣ ስሙን የቀየሩ መኖራቸውንም ነገረኝ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ያለው ፉለር ሴሚናሪ በፈረንጆች 1965 የከፈተውን «የዓለም ሚሽን ትምህርት ቤት» በ2003 «የባህሎች ግንኙነት ጥናት ትምህርት ቤት» ብሎታል።

እኔ ግን አልገባኝም ብዬ ፊቴን አጨማደድኩ። ያን ጊዜ ያገራችንን ታሪክ አመጣልኝ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በፈረንጆች 1603 ኢትዮጵያ ገባ። ግዕዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ ቤተ መንግሥቱን ተለማመደ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት በእሱ ዘመን ነው። እሱ በ1622 ሞተ። ከሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ጾሙም ሥርዓቱም ይለወጥ አለ። አገር ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱ እንደ ቀድሞው እንዲሆን አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

«ሁለቱም ያመጡት አንድ ትምህርት ነው» አለኝ። «አገባባቸው ነው የተለያየው።»

ቆንጆ አድርጎ ነው ያስረዳኝ። «አንተ ራስህ ምን ልታጠና ነው?» ስለው ዓይኑ በራ። ሁለት እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ እድር ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? ሰው ሲሞት ማን ይቀብራል፣ የት ይቀበራል፣ ድንኳኑ ውስጥ ማን ይጸልያል? ይኼን ነው የሚያጠናው።

«ግሩም ነው። እና የእሷን አባት አግኝተሃቸው ታውቃለህ?»

ዝም። ነፋሱ ብቻ ተናገረ።

«አልቀበልም ብለዋል ስባል...»

«ማን ነው ያለህ?»

ወደ እሷ አየ። እሷ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ» አለች። «እንዳያዋርዱት ብዬ ነው። አባቴን ግን ፊት ለፊት ጠይቄው አላውቅም። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው የፈራሁት።»

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ የቱ ጋ እንዳለ አያችሁ? የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ድንኳን እንዴት እንደሚቀመጡ ለመመራመር ባሕር የሚሻገር ልጅ፣ ከቤቱ ታክሲ ተሳፍሮ የሚደርስበትን ደጃፍ አልተሻገረም። እሷም በሩን ከውስጥ ይዛዋለች። «ታዲያ ላባቷ አንተ ፓኤዝ ነህ ሜንዴዝ?» ብለው ሳይወድ ሳቀ። «ጭራሽ አልመጣሁማ!» አለኝ።

አሁን ወደ ምክሩ ልግባ። እኔ ያልተማርኩትን፣ ከተማሩት ጠይቄ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዶክትሬት ሁሉ አንድ አይደለም። ፒኤችዲ የሚባለው ምርምር ነው፤ አዲስ እውቀት አምጣ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ማስተማርና መመራመር ለሚፈልግ ነው የሚሆነው። ሌላው ደግሞ በአገልግሎት ላይ ላለ ሰው ሥራውን እንዲያሻሽልበት የተዘጋጀ ነው። የትኛውን እንደያዘ፣ ለምን እንደያዘ እጮኛው ማወቅ አለባት። ወረቀት ላይ ሦስትና አራት ዓመት የተባለው ምርምር ሲረዝም ደግሞ ያጋጥማል። «አራት ዓመት ጠብቂኝ» ከማለት «ቢረዝምስ ምን እናደርጋለን?» ብሎ መነጋገር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለዶክትሬት ሁልጊዜ ጠቅልሎ መሄድ ግዴታ አይደለም። ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ በፈረንጆች 1983 የተቋቋመ የሚሽን ጥናት ማዕከል አለ (ከዝነኛው ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዳታምታቱት)። ተማሪው አገሩ ሥራው ላይ ሆኖ ይመራመራል፤ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ እዚያ ይከርማል። ጋና አክሮፖንግ ውስጥ ደግሞ ክዋሜ ቤዲያኮ የተባለው ምሁር በ1987 የመሠረተው አክሮፊ-ክሪስታለር ተቋም አለ። እስከ ዶክትሬት ያስተምራል፤ ሥራውም እምነትና የአፍሪካ ባህል እንዴት እንደሚገናኙ ማጥናት ነው። የኛ ልጅ የሚያጠናው እድር እንደሆነ አትርሱ። እድሩ ያለው እዚህ ነው! መረጃ ለመሰብሰብ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ታዲያ ስንቱን ወር እዚያ፣ ስንቱን ወር እዚህ? ይኼን ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ብር። «ስኮላርሺፕ አገኘሁ» ማለት ሁሉም ተሸፈነ ማለት አይደለም። የትምህርቱ ብቻ ነው? የቤት ኪራይና የምግቡስ? ሚስት ይዞ መሄድ ይፈቀዳል? ቪዛዋስ እንድትሠራ ይፈቅድላታል? ይኼን ሳይጠይቁ ቀለበት ማሰር በኋላ ያጣላል።

አራተኛውን ለእሷ ነው የምለው። ኦኔሲሞስ ነሲብን ታውቁታላችሁ? በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ነፃ የወጣ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ ሰው ነው። መጽሐፉ በፈረንጆች 1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። እንደሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት በዚያ ሥራ ላይ ብዙ ደክማለች፤ ቃላቱን የሰበሰበች እሷ ናት። ምስጋናው ግን ለረጅም ጊዜ ለእሱ ብቻ ነበር። እህቴ፣ መጠበቅም ሥራ ነው። አራት ዓመት ስትጠብቂ ያንቺ ትምህርት፣ ያንቺ ሥራ የት ይደርሳል? «እሱ ዶክተር ሲሆን እኔስ ምን እሆናለሁ?» ብለሽ መጠየቅ ራስ ወዳድነት አይደለም።

እኔም አንድ ጊዜ ቦሌ ሄጄ ሰው ሸኝቻለሁ። ለትምህርት ነበር የሄደችው። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን እሷ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ። እውነቱን ስነግራችሁ ምን ያህል ዓመት እንደምጠብቅ፣ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ አንድም ቀን ተቀምጠን አልተነጋገርንም። ፍቅራችን ሳይሆን ንግግራችን ነው ያነሰው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ደጃፉ። «ሳትሄድ በፊት ሽማግሌ ላክ» አልኩት። አባትየውን ለማሳመን አይደለም። እምነታቸውን እንዲለውጡም፣ እንዲለውጥም አይደለም። እንዲያዩት ነው። ያላዩትን ሰው መጥላት ቀላል ነው። ቢያባርሩትም ተባርሮ ይሂድ፤ ቢያንስ የተባረረው እሱ እንጂ ወሬው አይሆንም። ከሽማግሌዎቹም አንዱ የአባትየውን እምነትና ወግ የሚያውቅ ይሁን አልኩት። እሷንም «ከእንግዲህ በእሱ ፈንታ አትፍሪ» አልኳት።

ስንወጣ ባሕር ዛፉን አሳየኝ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከሩቅ አገር መጥቶ አዲስ አበባን በማገዶና በማገር ያኖረ ዛፍ ነው። ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላው እንደ ልብ አይበቅልም። ማዕከሉ ደግሞ አገር በቀሉን እየተከለ ቦታውን ይመልሳል። «መምህሬ ይኼን ቢያይ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምርበት ነበር» አለ። እሷ ቀበል አድርጋ «መጀመሪያ አባቴን» አለችው። ሦስታችንም ሳቅን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። ሄዷል። ሁለት ሽማግሌ ይዞ ነው የሄደው። አባትየው ቡና አስቀርበዋል፤ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት አለችኝ፦ «ይኼ ትምህርት ስንት ዓመት ነው?» እሱም «አራት ይላሉ፣ ሊረዝምም ይችላል» ብሎ እውነቱን ተናገረ። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው ለሽማግሌዎቹ «ከመስቀል በኋላ ተመለሱ» አሏቸው።

እሺ አላሉም፣ እንቢም አላሉም። እሷ እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ፤ የደስታ ይሁን የፍርሃት አልጠየቅኳትም። እሱም ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ የመግቢያው ጊዜ እንዲራዘምለት እየጠበቀ ነው። ከመስቀል በኋላ የሆነውን ከፈቀዱልኝ እነግራችኋለሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ለትምህርት የሄደ ሰው ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ የሄዳችሁት እናንተ ናችሁ? ጻፉልኝ። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!