ከኮከብ የሚመጣ ደብዳቤ

«የልጅ ልጄ በሚያየው ፊልም፣ አንዱ ኮከብ ዘንድ ያለው ሰውዬ ሌላ ኮከብ ዘንድ ካለው አለቃው ጋር ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ያወራል። ‹እማማ፣ እውነት ይቻላል?› አለኝ። ምን ልበለው?» ሲሉ አንዲት አያት ከሳንሱሲ ጠይቀውናል። ጥያቄው የብዙ ቤት ስለሆነ ለሁላችሁም እንመልሰው።

አጭሩ መልስ «አይቻልም» ነው። የራዲዮ መልእክት የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የሚፈጥን መልእክተኛ አልተገኘም። ለቅርብ ነገር ይህ ይበቃል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የላከችው መረጃ እንጦጦ ይደርስ የነበረው ዓይን እስኪጠቀስ ባልሞላ ጊዜ ነው። ወደ ጨረቃ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ማርስ ሲቀርበን 3፣ ሲርቀን 22 ደቂቃ ይወስዳል፤ መንገዱ በተዘጋጋ ቀን ታክሲው ከሳንሱሲ መርካቶ እስኪገባ መልእክቱ ማርስ ደርሶ መልሱ ሊመጣ ይችላል። በ1969 ዓ.ም. የተላከችው ቮየጀር 1 ግን ዛሬ ከ22 ሰዓት በላይ ርቃለች፤ ተጠይቃ እስክትመልስ ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን የሆነችው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ናት። ወደ እርሷ የሚሄድ መልእክት 4 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይፈጃል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። የስድስት ዓመት ልጅ «እንደምን አላችሁ?» ብሎ ቢልክ፣ «ደህና ነን» የሚለው የሚደርሰው ልጁ 14 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ይህን ከልጆች ይልቅ አያቶች ቶሎ ይረዱታል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ያውቃሉና። «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ሲነበብ፣ ጸሐፊው ያን ጊዜ ደህና እንደነበረ እንጂ ዛሬ ስላለበት አይናገርም። በከዋክብት መካከል ወሬ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲደርስ አርጅቷል።

የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ለዚህ መላ ፈልገዋል። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ «አንሲብል» የሚባል፣ ርቀት የማያግደው መሣሪያ ፈጠረች። ሌሎች ደግሞ ወሬውን በመርከብ ያስይዙታል፤ እንደ ድሮ ነጋዴ ከአገር አገር ይዞት እንዲዞር። ልጁ በፊልም ያየው ከመጀመሪያው ወገን ነው። ውሸት አይበሉት፤ ፊልሙ ታሪኩ እንዳይቆምበት የተበደረው መሣሪያ ነው ይበሉት።

ሰባት ፕላኔቶች የሚዞሯት ትራፒስት-1 ደግሞ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ደርሶ መልስ 80 ዓመት ነው። ጥያቄውን አያት ይልካሉ፣ መልሱን የልጅ ልጅ ይቀበላል። ታዲያ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጠየቀ ቤተሰቡ መዝግቦ ካላቆየ፣ መልሱ ቢመጣም የሚረዳው አይኖርም።

በዚህ ሳምንት ከልጆቹ ጋር ይህን ይሞክሩ። ለፕሮክሲማ ደብዳቤ ያጽፏቸው፤ ሕጉ አንድ ነው፦ ከ4 ዓመት ከ3 ወር በኋላ ሲነበብም እውነት የሚሆን ነገር ብቻ ይጻፍ። «ዛሬ ሽሮ በላሁ» ይለፋል ወይ? «እህቴን እወዳታለሁ»ስ? ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ነው። እርስዎም አንድ ይጻፉ። ከዚያ ቀኑን ጽፈው፣ አሽገው፣ የቤቱ ሰነድ ከሚቀመጥበት ያኑሩት፤ ቀኑ ሲደርስም አብረው ይክፈቱት።