ለጆሮ ብቻ የተሰናዳ ትምህርት

ዜማ የጆሮ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፥ እንደሚተረከው፥ ከቃሉ በላይ ምልክት እየጻፉ ዜማው ለዐይን እንዲታይ አደረጉ። አርብ ገበያ በምትገኝበት በጋይንት አገር ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና ስትኖር፥ ደቀ መዝሙሩ በጆሮው የሰማውን በዐይኑ እያየ ያጸና ነበር። እንግዲህ የጆሮን ገንዘብ ለዐይን ማካፈል ለኢትዮጵያ እንግዳ ጥበብ አይደለም።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከአዳራሽ ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱን በዚህ መንገድ ለመቀጠል ተሞከረ፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በኮምፒዩተር ተሰጠ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ትምህርቱ ያለ ጽሑፍ በምስልና በድምፅ ብቻ ተቀርጾ ሲላክ፥ መስማት የተሳነው ተማሪ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ቃሉን አያገኝም። በአዳራሽ ቢሆን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሊቆምለት በቻለ ነበር። ችግሩን ለመንገር ቢፈልግም የሚሰጠው የስልክ ቍጥር ብቻ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት 9ኛ አንቀጽ ኢንተርኔትን ጭምር በስም ጠርቶ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ስለዚህ የጐደለው ሕግ ወይም ዕውቀት አይደለም፤ ሕጉን ከሥራው አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ሹማምንት አዲስ የኢንተርኔት መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት፥ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ራሳቸው እንዲፈትኑት ማድረግ ይገባቸዋል። ንግግሩ ሁሉ ከምስሉ ግርጌ ይጻፍ፤ መሣሪያው በራሱ የሚጽፈው ስሕተት አያጣውምና በሰው ዐይን ይታረም። ጽሑፍ ብቻም አይበቃም፤ የምልክት ቋንቋ አፉን የፈታበት ለሆነው ተማሪ የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋ ነውና፥ አስተርጓሚው በመስኮቱ ውስጥ በግልጥ የሚታይበት ስፍራ ይሰጠው።

«ለጥቂቶች ይህን ያህል ድካም ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን የተጻፈው ቃል ለሚሰማውም ተማሪ ይጠቅመዋል፤ መስመሩ ደክሞ ድምፁ ሲቈራረጥበት፥ ወይም የእንግሊዝኛው አነጋገር ሲፈጥንበት፥ ጽሑፉን አንብቦ ይረዳል። ምልክቱ ለድጓው ተማሪ ሁሉ እንደ ጠቀመ እንዲሁ ነው።

ከአርብ ገበያ ወይም ከሌላ ወረዳ ተነሥቶ፥ ብዙ መሰናክል አልፎ ከዩኒቨርሲቲ በር የደረሰ ልጅ፥ በመጨረሻው በር ላይ ድምፅ ብቻ ቁልፍ ሆኖ ቢጠብቀው፥ ጥፋቱ የጆሮው አይደለም፤ በሩን የሠራው ሰው ነው።