ሪሞቱስ ተሸጠ፤ ኮዱን ማን ይሙላው?

በመሪ፣ በአያትና በሲኤምሲ መስመር፣ ከመንገድ ዳር እስከ ኮንዶሚኒየም ሥር በተደረደሩት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የማይጠፋ ዕቃ ቢኖር «ዩኒቨርሳል» የሚባለው ሪሞት ነው። ከቻርጀርና ከጆሮ ማዳመጫ ጎን ተንጠልጥሎ እንደ ማስቲካ ይሸጣል። ገዥው «ሁሉንም ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ሳያመነታ «ሁሉንም ይሠራል ጋሼ» ይላል። ግብይቱ በዚሁ ያበቃል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ዋናው ትርፍ የሚጀምረው ግብይቱ አበቃ ከተባለበት ቦታ ነው።

ነገሩን ከደንበኛው ሳሎን እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ጣቢያው አንድ ስለነበር የሚቀየር ቻናል አልነበረም። ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ የቤቱ ታናሽ ልጅ ተነስቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ሪሞቱ ልጁ ነበር ማለት ይቻላል። በአሁኑ ጊዜ በቪላም ሆነ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሆም ቴአትርና ፕሌይስቴሽን ጎን ለጎን ተደርድረው ማየት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። የአንዱ ድንጋይ ያልቃል፣ የሌላው ክዳን ይጠፋና በፕላስተር ይታሰራል፣ ሦስተኛው ሶፋ ሥር ይገባል። ልጃቸው ጌም ተጫውቶበት የተወውን ቴሌቪዥን ወደ ሪሲቨሩ መመለስ አቅቷቸው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ዜና ሳያዩ የሚውሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ ፈላጊው አለ። «ሁሉንም ይሠራል» የሚለው ቃል ግን ሲመረመር ውሃ አያነሳም። ርካሹ ሪሞት የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እርሱም ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየበራና እየጠፋ ትእዛዙን ያደርሳል፤ ፋብሪካዎችም የየራሳቸው ኮድ አላቸው። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች፣ ሪሲቨሮችና ሆም ቴአትሮች ይህን ብርሃን የሚቀበል ዓይን ተገጥሞላቸዋል። ፕሌይስቴሽን ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኋላ ላይ በወጡት የፕሌይስቴሽን 2 ሞዴሎች ላይ መቀበያው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋለው ፕሌይስቴሽን 3 ግን ኢንፍራሬድን ትቶ በብሉቱዝ ብቻ መጣ፤ ፕሌይስቴሽን 4ና 5ም በዚያው ቀጠሉ። ተፎካካሪው ኤክስቦክስ 360 ዓይኑን ይዞ ቆይቷል። እንግዲህ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ያን የተንጠለጠለ ሪሞት ገዝቶ ቢሄድ፣ አንድ ሺህ ኮድ ቢሞክር ጌሙ አይሰማውም። ሻጩ ይህን አውቆ ዝም ካለ በደንበኛው ላይ ቀልዷል፤ ሳያውቅ ከሸጠ ደግሞ ዕቃውን አያውቀውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው መደንገጉን ለሚዘነጉ ነጋዴዎች በዚህ አጋጣሚ ማስታወሱ አይከፋም።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። ሻል ያሉት ሪሞቶች አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ብዙ ትእዛዝ በተርታ የሚልኩበት አሠራር አላቸው፤ ማክሮ ይባላል። «ፊልም» የሚለውን ቁልፍ ሲነኩ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሆም ቴአትሩ ይበራል፣ ድምፁም ወደዚያው ይዞራል። ሲያዩት ያስደንቃል። ይሁን እንጂ በብዙ ዕቃዎች ላይ የማብሪያውና የማጥፊያው ኮድ አንድ ነው፤ የጠፋውን ያበራል፣ የበራውን ያጠፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሪሲቨሩ ራሱ በርቶ ይጠብቃል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ቀይ መብራቱን ብቻ አብርቶ ይተኛል። ያኔ ያ ድንቅ ቁልፍ ሲነካ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ሲነካ ደግሞ ይገለበጣል። መብራት በማይቋረጥበት አገር ተፈትኖ የተሸጠ ዕቃ እኛ ዘንድ ሲመጣ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል። መድኃኒቱ ለማብራት አንድ፣ ለማጥፋት ሌላ የሆነ የተለያየ ኮድ ፈልጎ መሙላት ነው። ኮዱ በዋናው ሪሞት ላይ ባይታይም በብዙ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። እርሱን ፈልጎ የሚሞላ ሰው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ደግሞ ዋጋ አለው።

ከውጭ የሚመጡትንም ማንሳት ይገባል። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ከሚያመጣቸው ዕቃዎች መካከል ሎጂቴክ ይሠራው የነበረው «ሃርመኒ» የተባለ ሪሞት አንዱ ነው። በዓይነቱ ከሁሉም የተሻለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራውን ከካናዳ ሰዎች ገዝቶ ከቆየ በኋላ በ2021 ማምረቱን አቁሟል። ለፕሌይስቴሽን 3 እንኳ ኢንፍራሬዱን ወደ ብሉቱዝ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ለብቻው ሠርቶ ይሸጥ ነበር። ሆኖም ዕቃው የሚሞላው በኩባንያው በራሱ ፕሮግራም አማካይነት ስለሆነ፣ አምራቹ የተወውን ዕቃ በውድ የሚገዛ ሰው ነገ ደጋፊ ሊያጣ እንደሚችል አውቆ ይግዛ። የኛ ሰፈር ሪሲቨር በዚያ መዝገብ ውስጥ ካልተገኘም ሁለቱን ሪሞቶች አፍ ለአፍ አግጥሞ ኮዱን አንድ በአንድ ማስተማር ግድ ይላል። (ከአሜሪካ ሆም ቴአትር ለሚያመጡ ደግሞ ሌላ ምክር አለን፤ ከኋላው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ቮልት በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል።)

አንዳንዱ ደንበኛ ምንም መግዛት የማያስፈልገው መሆኑ ነጋዴው መናገር የማይወደው እውነት ነው። ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዙ ከሆነ በገመዱ ውስጥ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አንድ መስመር አለ፤ ሲኢሲ ይባላል። ሳምሰንግ «አኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» እያሉ ስሙን ስለለዋወጡት ነው ሰው የማያውቀው። በቴሌቪዥኑና በፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ላይ ይህ ከተከፈተ፣ ጌሙ ሲበራ ቴሌቪዥኑ አብሮ ይበራል፣ ወደ ጌሙም ራሱ ይዞራል፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞትም የጌሙን ዝርዝር ያንቀሳቅሳል። ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ማለት ነው። ይህን ለደንበኛው የነገረ ሻጭ አንድ ሪሞት አጣ፤ ደንበኛው ግን ቀጣዩን ቴሌቪዥን ሲገዛ ወደ ማን እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

ሪሞቱ በእርግጥ የሚያስፈልገው የቆየ ሆም ቴአትር ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ድምፅ የሚቀበለው በኦፕቲካል ገመድ ሲሆን፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የኦፕቲካል መውጫ የለውም። ድምፁ በቴሌቪዥኑ በኩል ዞሮ መሄድ አለበት። በዚህ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የድምፅ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ሆም ቴአትሩን አያዝም። ስለዚህ ምስሉን ለቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን ለሆም ቴአትሩ የሚያዝ አንድ ሪሞት መሙላት ያስፈልጋል። ሥራው ለለመደው ሰው ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ላልለመደው ግን ቅዳሜውን ይበላበታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ አይነገርም። ሰው ያለውን ጠግኖና አቀናጅቶ መጠቀምን መርጧል። በሪሞት ላይ 50 ብር የሚያተርፍ ሱቅ አለ እንበል። ጎረቤቱም ያንኑ ካርቶን ከመርካቶ ስለሚያመጣ ነገ 40 ይላል፣ ከነገ ወዲያ 30። ቤት ድረስ ሄዶ አራቱን ዕቃ የሚያስማማ፣ ኮዶቹን በወረቀት ጽፎ ከሪሲቨሩ ሥር የሚለጥፍ ወጣት የሚያስከፍለውን ግን ጎረቤት በካርቶን ሊያመጣው አይችልም። ወረቀቱ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ርካሽ ሪሞት ድንጋዩ ሲወጣ የተሞላውን ሁሉ ይረሳል፤ ኮዱ ካልተጻፈ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ዲሽ የሚገጥሙ ልጆች መሰላሉንም ደንበኛውንም ይዘዋል። ሱቁ ከእነርሱ ጋር ተዋውሎ ሽያጩንና ሙሌቱን በአንድ ደረሰኝ ቢያቀርብ የሚጠይቀው ካፒታል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አስመጪውም ቢሆን ኮዳቸው የማይታወቅ አሥር ዓይነት ሪሞቶችን ከሚያግበሰብስ፣ ከሌላ ሪሞት ኮድ የሚማር አንድ ደህና ዓይነት መርጦ መመሪያውን በአማርኛ አትሞ ቢያስገባ ይሻለዋል እንላለን።

ደንበኛው ባለሳሎን ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤትም አለ። እዚያ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። አምስት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን በአንድ ክፍል ከተደረደረ አንዱ ሪሞት አምስቱንም ይታዘዛል። ተሸንፎ የተናደደ ልጅ ኪሱ ውስጥ ዩኒቨርሳል ሪሞት ካለ የቤቱን ገቢ በአንድ ጣት ያጨልመዋል። ብልህ ባለቤት ቴሌቪዥኖቹን ከተለያየ ፋብሪካ ይገዛል። አንድ ዓይነት የገዛ ደግሞ የእያንዳንዱን ዓይን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍንና ሲያስፈልገው ገልጦ ያዝዛል። ጌሞቹ እንደሆኑ በብሉቱዝ ስለሚሠሩ ፕላስተሩ አይነካቸውም።